ያለ ማቅለጫ ዕቃ የሚሠራ መስታወት፦ ከኤርታሌ እስከ ጠፈር፣ ከጠፈር እስከ ድሬ ዳዋ

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኔትወርኩን ለደንበኞች ለሙከራ ሲከፍት የመረጠው ከተማ ድሬ ዳዋን ነበር። የዚያን ሰሞን ወሬ ሲም ካርድ፣ ፓኬጅና ፍጥነት ነበር። ፍጥነቱን የሚሸከመው ግን በየጣሪያው የሚታየው አንቴና ብቻ አይደለም። ከአንቴናው ወዲያ መረጃው ረጅሙን መንገድ የሚጓዘው ከፀጉር ብዙም በማይወፍር የመስታወት ክር ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ ከዓለም ጋር ከምትገናኝባቸው ዋና በሮች አንዱ ጅቡቲ ነው፤ ኢሲንና ኤኤኢ-1ን የመሳሰሉ የባሕር ውስጥ ገመዶች ከባሕር የሚወጡት እዚያ ነው። ድሬ ዳዋም ባቡሩ ከደረሰበት ከ1902 ጀምሮ የጅቡቲ መንገድ ከተማ ናት። (ከመጀመሪያው 2014 ዓ.ም. በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ክር ሰው በብዛት ከሚያመርታቸው ነገሮች እጅግ ከጠሩት አንዱ ነው። ብርሃን የሚያልፍበት እምብርቱ ደግሞ አንድም ቀን ማቅለጫ ዕቃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ይህን ማስቀደም ያስፈለገው ያለ መያዣ ስለሚሠራ ንጹሕ መስታወት ሲወራ ጨዋታው ወዲያው ወደ ጠፈር ስለሚሮጥ ነው። ክብደት በሌለበት የሚንሳፈፍ የቀለጠ ኳስ ለዓይን ያምራል፤ ለጋዜጣም ይመቻል። ያለ መያዣ ንጹሕ መስታወት ይገኛል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ በምድርም በሰማይም ተሞክሮ መልሱ የተለያየ ሆኗል።

ክርክሩን ያወሳሰበው መያዣ የሚያደርሳቸውን ሦስት ጉዳቶች እንደ አንድ መቁጠር ነው። መያዣ መስታወቱን ያቆሽሻል፤ ክሪስታል ይዘራበታል፤ ሊደርስበት የሚችለውንም ሙቀት ይገድባል። ሦስቱም ችግሮች እውነተኛ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ማን የትኛውን እንደፈታ ለይቶ ማየት የዚህ ዳሰሳ ሥራ ነው።

መያዣው የሚያደርሰው ጉዳት

ተራ መስታወት የሚሠራው ከሲሊካ አሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ ድንጋይ ነው። ሶዳው የሚገባው አሸዋው በቀላሉ እንዲቀልጥ ነው፤ 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ሁሉም ይፈስሳል። የአዲስ አበባው ጠርሙስና ብርጭቆ ፋብሪካ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ የሙገር ሸለቆ ነጭ አሸዋም ለዚህ ሥራ የታወቀ ነው። በአሸዋው ውስጥ ያለው ጥቂት ብረት ጠርሙሱን ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ከፊት ለፊት ጥርት ብሎ የሚታየው የመስኮት መስታወት በተቆረጠው ጠርዙ በኩል ሲታይ አረንጓዴ ነው። በጠርዙ የሚያልፈው ብርሃን ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ የሆነው ብረት ራሱን ያሳብቃል።

ለጠርሙስ ይህ ነውር አይደለም። በ1966 ቻርልስ ካዎና ጆርጅ ሆካም እንግሊዝ አገር ሆነው የመስታወት ክር ለስልክ ይሆናል ብለው ሲጽፉ ያስቀመጡት መለኪያ ግን ሌላ ነበር፦ በኪሎ ሜትር 20 ዴሲቤል። ይህ ማለት ከኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ከብርሃኑ ከመቶ አንድ እጅ ይቀራል ማለት ነው። የዘመኑ ጥሩ መስታወት የሚያባክነው በኪሎ ሜትር 1000 ዴሲቤል ገደማ ስለነበር ያው ከመቶ አንድ እጅ የሚቀረው ከ20 ሜትር በኋላ ነበር። የካዎ ትልቁ አስተዋጽኦ ጥፋቱ የመስታወቱ ባሕርይ ሳይሆን በውስጡ የተሰገሰገው ብረትና መሰሎቹ መሆናቸውን ማሳየቱ ነው። በ2009 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል።

ቆሻሻው ደግሞ ከአሸዋው ብቻ አይመጣም። የቀለጠ መስታወት ብርቱ አሟሚ ስለሆነ የያዘውን ዕቃ ቀስ በቀስ ይበላዋል። የሸክላ ድስት የትናንቱን ወጥ ጠረን ለዛሬው እንደሚያወርስ ሁሉ ማቅለጫውም ካለው ላይ ለቅልጡ ያካፍላል። ስለዚህ ውድ የሆኑ የመስታወት ዓይነቶች የሚቀልጡት በፕላቲነም ዕቃ ነው፤ ፕላቲነምም ቢሆን ጣጣ አለው። በካሊፎርኒያው ሎረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ በ1984 የተጠናቀቀው ኖቫ የተባለው ግዙፍ ሌዘር መስታወቶቹ ተጎድተውበት ነበር። ከማቅለጫው ግድግዳ የተላቀቁ በዓይን የማይታዩ የፕላቲነም ቅንጣቶች የሌዘሩን ጉልበት ሲመጥጡ በቅጽበት እየጋሉ በዙሪያቸው ያለውን መስታወት ይሰነጥቁታል። ሾትና ሆያ የተባሉት አምራቾች መፍትሔ ያገኙት ግን መያዣውን ጥለው አይደለም። የማቅለጫውን አየር ለውጠው ቅንጣቶቹ በመስታወቱ ውስጥ እንዲሟሙ አደረጉ። መያዣን ማስወገድ ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ሁለተኛው ጉዳት ክሪስታል ነው። መስታወት ማለት ቅልጡ አቶሞቹን ለመደርደር ጊዜ ሳያገኝ ሲጠጥር የሚገኘው ነው። ድርደራው የሚጀመርበት ቦታ ይፈልጋል፤ የዕቃው ግድግዳ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ግድግዳ ከሌለ ቅልጡ ከመጠጠሪያው ሙቀት በብዙ መቶ ዲግሪ ቢወርድም ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በተለመደው መንገድ ፈጽሞ መስታወት የማይሆን ንጥረ ነገር ሳይቀር መስታወት የመሆን ዕድል ያገኛል።

ሦስተኛው የሙቀት ጣሪያ ነው። ፕላቲነም በ1768 ዲግሪ ይቀልጣል። ንጹሕ ሲሊካ እንደ ልብ እንዲፈስ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ሳይበከል የሚይዝ ዕቃ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ተፈጥሮ ያለ መያዣ ስትሠራ

ያለ መያዣ መስታወት በመሥራት ተፈጥሮ ቀዳሚ ናት። በአፋር ኤርታሌ ላይ ከላቫው ሐይቅ የሚረጨውን ቅልጥ ነፋስ እየመዘዘ እንደ ፀጉር የቀጠነ ወርቃማ ክር ያደርገዋል። የእሳተ ገሞራ አጥኚዎች በሃዋይ አምላክ ስም የፔሌ ፀጉር ይሉታል። ክሩን የነካው ማቅለጫ የለም፤ ሆኖም የተገኘው ከባዛልት ስለሆነ በብረት የተሞላ ነው። አየር ላይ መሠራቱ አላነጻውም። መያዣን ማስወገድ አዲስ ቆሻሻ እንዳይጨመር ይከላከላል እንጂ ከመጀመሪያው የነበረውን አያወጣም።

ለድሬ ሰው የሚቀርበው ሌላ የተፈጥሮ መስታወት ባልጩት ነው። ከከተማው በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ በ1929 በቴያር ደ ሻርደንና በሄንሪ ደ ሞንፍሬ ተገኝቶ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተቆፍሯል። ከወጡት የድንጋይ መሣሪያዎች ጥቂቶቹ ከጥቁር ባልጩት የተጠረቡ ናቸው፤ ባልጩቱ ግን የአካባቢው አይደለም። ተመራማሪዎች ያለበትን ጥቃቅን ባዕድ ንጥረ ነገር ለክተው ከአየሉ፣ ከአሰቦትና ከቆኔ እሳተ ገሞራዎች መምጣቱን ለይተዋል። ሁሉም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ለአርኪዮሎጂስቱ ቆሻሻው የመስታወቱ መታወቂያ ወረቀት ነው፤ ባልጩቱ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ከየት እንደመጣ ባልታወቀም ነበር። ለኢንጂነሩ ግን ያው ቆሻሻ ብርሃን የሚበላ ጠላት ነው።

በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ኳስ

በላቦራቶሪ ቅልጥን ያለ ዕቃ ለመያዝ ጥቂት መንገዶች አሉ። በድምፅ ሞገድ፣ በኤሌክትሪክ መስክ፣ በማግኔት፣ ወይም በጋዝ ግፊት ማንሳፈፍ ይቻላል። ማግኔቱ ኤሌክትሪክ ለሚያስተላልፉ ብረታ ብረቶች ስለሚመች ለመስታወት ብዙም አይጠቅምም። ከሁሉም ቀላሉና ፍሬያማው የጋዙ ነው።

አሠራሩ ለማየት የሚያስገርም ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቆም መሣሪያ ነው። ከታች ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ፈንገል መሰል የብረት አፍ አለ፤ በሥሩ ኦክስጅን ወይም አርጎን ይነፋበታል። 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የምትሆን የዱቄት እንክብል ስትቀመጥበት ጋዙ ከግድግዳው ያላቅቃታል። ከላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ያርፍባታል። በጥቂት ሰከንዶች ትግላለች፤ ነጭ ሆና ታበራለች፤ ከዚያ ቀልጣ በራሷ ገጽ ውጥረት ክብ ትሆናለች። ከ2000 ዲግሪ ማለፍ ለዚህ መሣሪያ ቀላል ነው፤ በዙሪያው የሚቀልጥ ነገር የለምና። ሌዘሩ ሲጠፋ ሙቀቷ በሰከንድ በመቶዎች ዲግሪ ይወርዳል፤ ዕድለኛ ከሆነችም ጥርት ያለች ዶቃ ሆና ትወጣለች።

በዚህ መንገድ ብዙ ተገኝቷል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ኮንቴይነርለስ ሪሰርች የተባለው ተቋም፣ በተለይ ሪቻርድ ዌበር፣ ከናሳ ጋር በመሥራት አሉሚናን ከብርቅዬ የምድር ማዕድናት ጋር ያዋሃደ መስታወት አወጡ። በ2004 ደግሞ በተለመደው ዘዴ ወዲያው ክሪስታል የሚሆነውን ፎርስቴራይት የተባለ ማዕድን ወደ መስታወት ቀይረው ውስጡን በኤክስሬይና በኒውትሮን የመረመሩ ሳይንቲስቶች ውጤታቸውን አሳተሙ። በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ አጹኖቡ ማሱኖ፣ ሂሮዩኪ ኢኑዌና ባልደረቦቻቸው ላንታነምና ኒዮቢየም ኦክሳይድን አጣምረው ብርሃን የማጠፍ ልኩ ከ2.2 በላይ የሆነ መስታወት ሠርተዋል፤ የመስኮት መስታወት 1.5 ገደማ ነው። በ2015 ይፋ የሆነው የአሉሚናና የታንታለም መስታወት ደግሞ ግትርነቱ 158 ጊጋፓስካል ሲሆን ከተራው መስታወት በእጥፍ ይበልጣል።

ልብ መባል ያለበት እነዚህ ድሎች በአመዛኙ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ችግር የፈቱ መሆናቸው ነው። ዶቃዎቹ የተደነቁት በንጽሕናቸው ሳይሆን መስታወት ይሆናሉ ተብሎ ካልተጠበቀ ነገር በመሠራታቸው ነው። ሁሉም ደግሞ ትንንሽ ናቸው። ዶቃዋ ስታድግ ክብደቷ የጋዙን ትራስ ያሸንፈዋል።

ጠፈር ምን ጨመረ?

ጠፈር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ክብደት ከሌለ ኳሱ ለምን አያድግም? በሮክዌል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ራልፍ ሃፕ ሐሳቡን በ1970 ገደማ አቀረበ። በሚዙሪ ሮላ ዩኒቨርሲቲ ዴልበርት ዴይ በ1980ዎቹ በድምፅ የሚያንሳፍፍ ምድጃ በጠፈር መንኮራኩር ልኮ መስታወት አቅልጧል። ቴይለር ዋንግ ደግሞ በ1985 በቻሌንጀር ተሳፍሮ የፈሳሽ ጠብታዎችን በድምፅ ሊያንሳፍፍ ሲሄድ መሣሪያው ገና ሲነሳ ተበላሸበት፤ ራሱ ፈታትቶ ጠግኖ ሥራውን ቀጠለ። ዛሬ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የጃፓን ክፍል በሆነው ኪቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚያንሳፍፍ ምድጃ አለ፤ ዋና ሥራውም በምድር ላይ ለመለካት የሚያስቸግሩ ቅልጦችን ጥግግትና ዝልግልግነት መለካት ነው።

ክብደት ሲወገድ ግን የሙቀት ሕግ አብሮ አይወገድም። ትልቅ ኳስ ከገጹ ቶሎ ቢቀዘቅዝም እምብርቱ ሙቀቱን ለማውጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አስቸጋሪዎቹ ንጥረ ነገሮች ወደ ክሪስታል ይሄዳሉ። የመጠኑ ገደብ ከክብደት ወደ ሙቀት ተዛወረ እንጂ አልተነሳም። በጠፈር ግዙፍ የመስታወት ኳሶች ይመረታሉ የተባለው ትንቢት ላለመፈጸሙ ከማጓጓዣው ዋጋ ባልተናነሰ ይህ ምክንያት ነው።

በጠፈር ዛሬ ተስፋ የተጣለበት ዝብላን የተባለው የፍሎራይድ መስታወት ነው። ዘሩ የፈረንሳይ ሬን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እነ ፑላንና ዣክ ሉካስ በ1970ዎቹ አጋማሽ ያገኟቸው የፍሎራይድ መስታወቶች ልጅ ነው። በስሌት ከሲሊካ እጅግ ያነሰ ብርሃን ማባከን ይችላል፤ በተግባር ግን ክሩ ሲሳብ ጥቃቅን ክሪስታሎች ይወጡበታል። የናሳው ዴኒስ ተከር በ1990ዎቹ ለጥቂት ሰከንዶች ክብደት በሚያሳጡ የአውሮፕላን በረራዎች ሲሞክረው ክሪስታሎቹ ቀነሱ። በ2024 መጀመሪያ ፍሎውለስ ፎቶኒክስ የተባለው ኩባንያ በጠፈር ጣቢያው ውስጥ በድምሩ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ክር ስቧል።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ለዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ግን ግማሽ መልስ ብቻ ነው። ወደ ላይ የሚላከው የመስታወት ዘንግ አስቀድሞ በምድር ላይ በዕቃ ውስጥ የቀለጠ ነው። በጠፈር የሚታከመው ክሪስታሉ ነው፤ ቆሻሻው ከምድር አብሮት ይሄዳል።

የጭሱ መንገድ

ንጽሕናውን የፈታው መንገድ ጠፈርም ማንሳፈፊያም አላስፈለገውም። በ1934 በኮርኒንግ ኩባንያ የኬሚስትሪ ባለሙያው ፍራንክሊን ሃይድ የሲሊኮን ክሎራይድ እንፋሎትን በነበልባል ውስጥ አሳልፎ ንጹሕ ሲሊካ አገኘ። በዚያው ኩባንያ ሮበርት ማውረር፣ ዶናልድ ኬክና ፒተር ሹልትዝ በ1970 በዚህ ዘዴ ላይ ተመሥርተው የካዎን 20 ዴሲቤል አሸነፉ። በ1974 በቤል ላቦራቶሪ ጆን ማክቼስኒ፣ ብዙም ሳይቆይ በጃፓን የስልክ ድርጅት የኤንቲቲ ሰዎች የራሳቸውን መንገድ ጨመሩ።

ምስጢሩ ሙቀት ላይ ነው። ሲሊኮን ቴትራክሎራይድ በ58 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ ፈሳሽ ነው። የብረት ክሎራይድ ለመትነን ከ300 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ፈሳሹ በቀስታ ሲሞቅ ሲሊኮኑ ተንኖ ይሄዳል፤ ብረቱ እታች ይቀራል። ልክ አረቄ በሚወጣበት መንገድ ማለት ነው። ከሚሊዮን አንድ እጅ መቁጠር ቀርቶ ከቢሊዮን ጥቂት እጅ የሚቆጠርበት ንጽሕና የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ መስታወት ገና ሳይኖር።

እንፋሎቱ በነበልባል ውስጥ ሲቃጠል ነጭ የሲሊካ ጥላሸት ይሆናል። ጥላሸቱ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ እየተደራረበ ጠመኔ የመሰለ ድፍን ይሠራል። ድፍኑ በምድጃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ክሎሪን ይነፋበታል፤ ክሎሪኑ በውስጡ የቀረውን ውኃ ጠርጎ ያወጣል። በ1500 ዲግሪ አካባቢ ቀዳዳዎቹ ይደፈኑና ጥርት ያለ ዘንግ ይሆናል። ከዚያ ዘንጉ ከረጅም ማማ ላይ ተሰቅሎ ጫፉ 2000 ዲግሪ ሲደርስ በራሱ ክብደት ይንጠባጠባል፤ ጠብታው ተከትሎት የሚወርደውን ክር ይስባል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቅልጡን የያዘ ዕቃ የለም።

ዛሬ የተለመደው ክር በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ያህል ያባክናል፤ የተመረጠው ወደ 0.14 ወርዷል። በ1966 በታለመው ክር ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ይቀር የነበረው ከመቶ አንድ እጅ ብርሃን ዛሬ የሚቀረው ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። ከድሬ ዳዋ እስከ ጅቡቲ በአሮጌው ሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ርቀት ምልክቱ የሚሻገረው በመንገድ ላይ ጥቂት ማጉያዎች ብቻ ሲታከሉለት ነው።

ድሬ ላይ ያለው ማቅለጥ

ያለ መያዣ መስታወት ማቅለጥ በድሬ ዳዋ የሚካሄድ ሥራ ነው ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። የመንገድ ቁፋሮ ፋይበር የሚባለውን ይህን ክር በቆረጠ ቁጥር ቴክኒሻኑ ስፕላይስ ያደርጋል፤ ጫፎቹን አቅልጦ ያገናኛል ማለት ነው። የክሩን የፕላስቲክ ልባስ ይገፍፋል፤ በአልኮል ይጠርጋል፤ በመቁረጫው ቀጥ አድርጎ ይሰብረዋል። ሁለቱን ጫፎች በማሽኑ ውስጥ ፊት ለፊት ሲያስቀምጣቸው በሁለት ስለታም ኤሌክትሮዶች መካከል የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይነሳል፤ ሲሊካው በአየር ላይ እንዳለ ይለሰልሳል። የገጽ ውጥረቱ ሁለቱን 125 ማይክሮን ውፍረት ያላቸውን ጫፎች ወደ አንድ ይስባቸዋል። የብርሃኑ መንገድ የሆነው እምብርት 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ ስለሆነ የአንዲት ብናኝ መግባት ሥራውን ያበላሻል። በድሬ አቧራና ሙቀት የእጅ ላብ ሳይቀር ጠላት ነው።

ጥሩ ስፕላይስ 0.05 ዴሲቤል ወይም ከዚያ ያነሰ ያባክናል፤ ይህም ከ250 ሜትር ክር ጋር እኩል ነው። ግማሽ ዴሲቤል የሚበላ መጥፎ ስፕላይስ ግን 2.5 ኪሎ ሜትር ክር እንደ መጨመር ነው። በቢሊዮን እጅ የተቆጠረው የፋብሪካው ንጽሕና በመጨረሻ የሚጠበቀው ወይም የሚባክነው በዚህ ሰው እጅ ነው።

ስለዚህ «አሸዋ አለን፤ ፋይበር እንሥራ» የሚለው ሐሳብ ሲነሳ መጠንቀቅ ይገባል። የድሬ ዳዋ ዙሪያ የአሸዋ ድንጋይም፣ በጣሊያን ዘመን ሲሚንቶ ፋብሪካ የተቋቋመበት የኖራ ድንጋይም አለው። የፋይበሩ ዋጋ ግን አሸዋው ውስጥ የለም። ዋጋው ያለው አሸዋውን ወደ ሲሊኮን፣ ሲሊኮኑን ወደ ክሎራይድ፣ ክሎራይዱን በማጣራት ወደ ንጽሕና በሚያሻግረው የኬሚስትሪ ሰንሰለት ላይ ነው። ይህ ብዙ ካፒታልና የማይቋረጥ መብራት የሚፈልግ ሥራ ነው። ተንሳፋፊዋ ዶቃ ግን ሌላ ነገር ናት። ሌዘር፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ካሜራና በጥንቃቄ የተቦረቦረ የብረት አፍ ከተገኙ ድሬ ዳዋ፣ ሐረማያ ወይም አዳማ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሊሞክረው የሚችል ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ማዕድናት ሲቀልጡ ምን ዓይነት መስታወት እንደሚሆኑ መመርመርም ለአገር ውስጥ ተመራማሪ የሚገባ ጥያቄ ነው።

ወዴት ይሄዳል?

ሩጫው አሁን ሌላ አቅጣጫ ይዟል። ሳውዝሃምፕተን ላይ የበቀለውና ማይክሮሶፍት በ2022 የገዛው ሉሜኒሲቲ የሚሠራው ክር መሐሉ ባዶ ነው፤ ብርሃኑ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ሲሆን መስታወቱ ዙሪያውን ይጠብቀዋል። በ2025 የታተመው ውጤት በኪሎ ሜትር 0.091 ዴሲቤል ነው፤ ሲሊካ በግማሽ ምዕተ ዓመት ያልደረሰበት ቁጥር። ንጹሕ መስታወት ፍለጋ መስታወቱን ከብርሃኑ መንገድ ወደ ማስወጣት ደርሷል።

ሦስቱን ችግሮች መለየት የሚጠቅመው አዲስ ዜና ሲመጣ ነው። ቆሻሻን በተመለከተ መልሱ ከ1970 ጀምሮ በምድር ላይ ተገኝቷል፤ ጥሬ ዕቃውን ሳይቀልጥ በፊት አንጽቶ ከእንፋሎት መገንባት ነው። ክሪስታልን በተመለከተ ተንሳፋፊ ዶቃዎችም ጠፈርም እውነተኛ አስተዋጽኦ አላቸው፤ ብልጫው የሚታየው ግን እንደ ዝብላን ባሉ እምቢተኛ መስታወቶች ነው። የሙቀት ጣሪያን በተመለከተ የጠረጴዛው ሌዘር በቂ ነው። ከጠፈር የመጣ መስታወት ነው ተብሎ ዋጋ ሲጠራ፣ ወይም ለአንድ ከተማ አሸዋ ትልቅ ተስፋ ሲሰጥ፣ የሚጠየቀው ከሦስቱ የትኛውን እንደፈታ ነው። ለድሬ ዳዋ የቅርቡ ጥቅም ያለው ግን መሬት ውስጥ ያለውን ንጹሕ ክር ሳያቆሽሽ የሚቀጥል ባለሙያ በማብዛት ላይ ነው። ይህን ለማድረግ ሮኬትም የአሸዋ ተራራም አያስፈልግም፤ የስፕላይስ ማሽን፣ ንጹሕ አልኮልና በሚገባ የሠለጠነ እጅ ይበቃል።